ቀራንዮ የተገኘው ሌንስ

ሰው በቀላሉ አላምንም ብዬ የምኮራ ልጅ ነበርኩ። ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ዚፑን በእጄ ጨብጬ ነው የምቀመጠው። የማላውቀው ቁጥር ደጋግሞ ካልደወለ አላነሳም። «ለአንቺ ብዬ ነው» ያለኝን ነጋዴ እዚያው ጥዬው እሄዳለሁ። ጓደኞቼ «ሊዲያ ፖሊሷ» ይሉኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ስሙን እወደው ነበር። አሁን የምነግራችሁ ይህን ስም ያስጠላኝን የሁለት ቀን ጉዳይ ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባለቤቱ ጋሽ ኤልያስ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ካሜራ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በቤተ ክርስቲያናችን ከኳየር ምረቃ እስከ ሰርግ እሳቸው ያላነሱት ፕሮግራም አልነበረም። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጬ ያነሱትን ፎቶ አስተካክላለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አብሬያቸው እወጣለሁ።

በዚያ ዓመት ለራሴ አንድ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ። ያለው ሌንስ አብሮት የሚመጣው፣ ርካሹ ሌንስ ብቻ ነው። ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ ምንም አይልም። ቤት ውስጥ ስገባ ግን ብርሃን እንደልብ ስለማያስገባ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። በዚህ መሀል አንዲት የኳየር ጓደኛዬ ቀለበት ስታስር እንዳነሳት ጠየቀችኝ። ፕሮግራሙ ቤቴል፣ እናቷ ሳሎን ውስጥ ነው። በራሴ ስም የምሠራው የመጀመሪያ ሥራ ስለሆነ ለጋሽ ኤልያስ አልነገርኳቸውም። ደንበኛ ልትነጥቀኝ ነው ብለው እንዳያስቡ ፈራሁ። ተደብቄ ሌንስ ፍለጋ ጀመርኩ።

ልቤ ያረፈው ሰማንያ አምስት በሚባለው ሌንስ ላይ ነበር። የሰውን ፊት አጉልቶ ከኋላ ያለውን ሁሉ ብዥ የሚያደርገውን ታውቁት ይሆናል፤ የሙሽሮች ፎቶ ላይ የምታዩት ያ ውበት የእሱ ነው። አዲሱ የማይቀመስ ስለሆነ ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ስፈልግ አንድ ማስታወቂያ አገኘሁ። «ያገለገሉ ሌንሶች። ሞክረው ይምረጡ። ቀራንዮ።» ፎቶ የለውም፣ ዋጋ የለውም። ደወልኩ። ያነሱት ሽማግሌ ናቸው።

«ሰማንያ አምስት አለዎት?» አልኳቸው።

«አለ። ካሜራሽን ይዘሽ ነይ። ሳይሞክሩ ሌንስ አይገዛም።»

«ሱቅዎ የት ጋ ነው?»

«ሱቅ የለኝም። ቤቴ ነው።»

ይኸውላችሁ፤ እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ። የማላውቀው ሰው፣ የማላውቀው ቤት፣ ያውም ካሜራዬን ይዤ። ግን የቀለበቱ ቀን ደርሷል። ለታላቅ እህቴ ለራሔል ደውዬ «በየግማሽ ሰዓቱ ደውይልኝ፤ ካላነሳሁ ሰው ይዘሽ ነይ» አልኳትና ረቡዕ ከምሳ በኋላ ወደ ቀራንዮ ሄድኩ።

ከመድኃኔዓለም አለፍ ብሎ፣ በጅምር ሕንፃዎች መሀል ተጨንቆ የቀረ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አንኳኳሁ። ሰማያዊ የሥራ ካፖርት የለበሱ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ከፈቱልኝ። አቶ ተክሌ ይባላሉ። ገና ከመግባቴ በሩን ከኋላዬ በቁልፍ ዘጉት።

«ለምን ይቆልፉታል?» አልኳቸው።

«ውሻው እንዳይወጣ ነው።»

ግቢውን ቃኘሁት። ውሻ የለም።

ክፍሉ ውስጥ ትልቅ የእንጨት ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ምን እንዳለ ሳይ የበለጠ ደነገጥኩ። አሥር የሚሆኑ ሌንሶች፣ እያንዳንዳቸው በሱፍ ካልሲ ውስጥ ገብተው ተደርድረዋል። ካርቶን የለ፣ ደረሰኝ የለ። «የሌባ ዕቃ ነው» አልኩ በልቤ። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ዘለልኩ። ያረጀ ውሻ ነው፤ አንድ ዓይኑን ከፍቶ አየኝና ተመልሶ ተኛ።

አቶ ተክሌ ሳቃቸውን ዋጡት። «ዕድሜ ልኬን የመሬት መቀየሻ መሣሪያ ስጠግን ነው የኖርኩት። መስታወት ከአቧራ ለመጠበቅ ከካልሲ የተሻለ አላገኘሁም። ተቀመጪ። ምን ልታነሺበት ነው?»

«ሰማንያ አምስቱን ነው የፈለግኩት።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም ልጄ። ምን ልታነሺበት ነው?»

«ቀለበት። ቤት ውስጥ።»

«ስንት ሰው ይሆናል?»

«ሽማግሌዎች፣ ቤተሰብ… ሃያ፣ ሠላሳ ሰው።»

«ሳሎኑ ከዚህ ክፍል ይሰፋል?»

የጓደኛዬን እናት ሳሎን በዓይኔ ሣልኩት። ሶፋውና ብፌው ከገቡበት በኋላ ለመቆሚያ የምትተርፈው ቦታ ትንሽ ናት። «አይ፣ እንዲያውም ይጠባል» አልኳቸው።

ከአንዱ ካልሲ ሰማንያ አምስቱን አውጥተው ሰጡኝና ወንበር ላይ ተቀመጡ። «በይ እኔን ከነወንበሬ አንሺኝ።»

ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ አሁንም ሸሸሁ፤ ጀርባዬ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። ሌንሱ ውስጥ የገቡት ከራሳቸው እስከ ደረታቸው ብቻ ነው።

«ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ልታነሻቸው ነው?» አሉኝ።

ሳላስበው ሳቅኩ። ሃምሳውን ሰጡኝ፤ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ከዚያ ከግራጫ ካልሲ ውስጥ ሠላሳ አምስት አወጡ። እሱን ስገጥመው እሳቸው፣ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ከሥሩ የተኛው ውሻ ሳይቀር ገባ። ብርሃኑም ተረፈኝ፤ ፎቶው ላይ አንድም አሸዋ የለም።

«ሰው ሌንስ ሲመርጥ በሌላ ሰው ፎቶ ላይ ያየውን ውበት ነው የሚፈልገው» አሉኝ። «መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን የራስሽ መቆሚያ ነው። አሁን ደግሞ ብርሃን ሲመጣበት እይው። ወደ መስኮቱ ዙሪ።»

ዞርኩ። ከግራ በኩል የከሰዓት ፀሐይ ይገባል። አነሳሁና ያነሳሁትን በካሜራው ስክሪን ላይ አየሁት።

በፎቶው ቀኝ ጥግ፣ ከታች፣ የተቆረጠ ጥፍር የምታክል ሮዝ ብርሃን ነበረች።

ያቺን ጥፍር አውቃታለሁ። ዓመት ሙሉ፣ ከስንት መቶ ፎቶ ላይ አንድ በአንድ ያጠፋኋት እኔ ነኝ። የጋሽ ኤልያስ ሠላሳ አምስት አንድ ሰርግ ላይ ከብረት በር ጋር ተጋጭቶ የፊት መስታወቱ ጠርዝ ላይ በዓይን የማትታይ ጭረት ወጥታበት ነበር። ብርሃን ከግራ በመጣ ቁጥር ያቺ ጥፍር ፎቶው ላይ ትወጣለች። ሌንሱ ደግሞ ከሰባት ወር በፊት ከፎቶ ቤታችን ካቢኔ ተሰርቋል።

«ይሄን ከየት አገኙት?» አልኳቸው።

«ሰው ሸጠልኝ።»

«ማን?»

ቀና ብለው አዩኝ። «የሚሸጥልኝን ሰው ስም አላወጣም።»

ስልኬ ጮኸ። ራሔል ናት። «ደህና ነኝ» አልኳት፣ ዓይኔን ከሽማግሌው ሳልነቅል። ስልኩን እንደያዝኩ፣ ለእህቴ የማሳይ መስዬ ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አነሳሁት። «ነገ ጠዋት እመለሳለሁ፤ ለሰው እንዳይሸጡብኝ» ብዬ ወጣሁ። በሩን ሲከፍቱልኝ ዞሬ ፊታቸውን አየሁት። ምንም የደነገጠ ነገር የለበትም። ይህም ራሱ አጠራጠረኝ።

ፎቶ ቤት ስደርስ ጋሽ ኤልያስ አልነበሩም። ሌንሱ ሲጠፋ ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። በወንበር ወጥቼ አወረድኩትና በካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ስልኬ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁት። አንድም አይለይም።

ወዲያው አፌ ላይ የመጣው አንድ ስም ነው፤ ዘነቡ።

እትዬ ዘነቡ ፎቶ ቤታችንን የምታጸዳ፣ የመጋረጃ ጨርቆቻችንን የምታጥብ የቀራንዮ ሴት ነበረች። ጠዋት ከሁላችን ቀድማ የምትከፍተው እሷ ናት። ሌንሱ የጠፋ ዕለት የጋሽ ኤልያስ ባለቤት መጥተው «ማን ነበር እዚህ?» ብለው ሲጠይቁ «ጠዋት ቁልፉ ዘነቡ ጋ ነበር» ያልኩት እኔ ነኝ። እዚያ ላይ አላቆምኩም። «ባለፈው ሳምንትም ካቢኔውን ከፍታ አይቻታለሁ» ብዬ ጨመርኩ። ከፍታ ነበር፤ አቧራ ልትጠርግ። ይህን ግን አልተናገርኩም። ፖሊስ አልተጠራም። «ከነገ ጀምሮ አትምጪ» ተባለች፤ በቃ። «ወንድሞቼ፣ እኔ አልነካሁም፣ በመድኃኔዓለም!» እያለች በር ላይ ስትጮህ ሰው ተሰብስቦ ያያት ነበር። እኔ ግን ኮምፒዩተሬ ላይ አቀርቅሬ ነበር።

አሁን ቁጥሮቹን ሳስተያይ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ደስታ ነው። ልክ ነበርኩ! ዘነቡ ሰርቃ እዚያው ሰፈሯ ላለ ሽማግሌ ሸጣለታለች። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ክሱንም ፍርዱንም ጨርሼ ጠበቅኳቸው።

ጋሽ ኤልያስ ሲገቡ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። «ጋሼ፣ ሌንስዎ ተገኘ!»

ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጡ ነበር፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «የቱ ሌንስ?»

«የተሰረቀው! ሠላሳ አምስቱ! ቀራንዮ አንድ ሽማግሌ ጋ አየሁት።»

«ለማን ነገርሽ?» አሉኝ።

«ለማንም።»

«ለባለቤቴስ?»

«ኧረ አሁን ነው የመጣሁት። ይኸው፣ ቁጥሩም ልክ ነው።»

ካርቶኑን ተቀብለው ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ አዘንበለው አዩት። ከዚያ ወደ መደርደሪያው አልመለሱትም፤ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «ተይው ሊዱ» አሉ። «ያለፈ ነገር ነው።»

«እንዴት ያለፈ ነው ጋሼ? ፖሊስ ይዘን ብንሄድ እኮ ማን እንደሸጠለት ይናገራል!»

«ፖሊስ አያስፈልግም!» እንዲህ ጮክ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የተሰረቀ ዕቃ የሚቀበል ሰው አደገኛ ነው። ብቻሽን ሄደሽ አንድ ነገር ቢያደርግሽስ? ተመልሰሽ እንዳትሄጂ። ለመሆኑ አንቺስ እዚያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?»

ተያዝኩ። ስለ ቀለበቱ፣ ለራሴ ሌንስ ስለመፈለጌ እያፈርኩ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «ጥሩ ነው፤ በርቺ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ያን ዕለት ራት ስበላ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ዕቃው የተሰረቀበት ሰው «ተገኘ» ሲሉት መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት አለ?» ብሎ ነው። ጋሽ ኤልያስ ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ «ለማን ነገርሽ?» ብለው ነው። ደግሞ ተመልሼ «አንቺ ምን ነክቶሽ ነው፣ አባት የሆኑሽን ሰው?» ብዬ ራሴን እቆጣለሁ። ምናልባት እውነታቸውን ነው፤ ሽማግሌው አደገኛ ይሆናል። ያ ቁልፍ፣ ያ ካልሲ። ምናልባት ሁለቱም ይዋሻሉ። ማንን እንደማምን ጠፋኝ።

ሐሙስ ጠዋት ለጋሽ ኤልያስ «አሞኛል፣ እዘገያለሁ» ብዬ ደውዬ ቀራንዮ ሄድኩ። እኔም ውሸት ጀምሬያለሁ ማለት ነው።

አቶ ተክሌ ሠላሳ አምስቱን ከካልሲው አውጥተው ጠበቁኝ። «ወሰንሽ?»

«አባባ፣ ይሄ ሌንስ የተሰረቀ ነው» አልኳቸው ፊት ለፊት። «የሸጠችልዎት ሴት ናት አይደል? ጠይም፣ አጠር ያለች?»

ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ የተሰረቀ ዕቃ አልገዛም!»

«ቁጥሩን አስተያይቻለሁ። የማውቀው ፎቶ ቤት ዕቃ ነው።»

«ሴት ከሸጠችልኝ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ከዚህ በላይ አልናገርም። ሂጂልኝ ልጄ።»

ወደ በሩ ሲመሩኝ እንደመጣልኝ ተናገርኩ። «በዚህ ሌንስ ምክንያት አንዲት ሴት ሌባ ተብላ ከሥራ ወጥታለች።»

ቆሙ። ወደ ጠረጴዛው ተመልሰው ከመሳቢያ አንድ ወፍራም ደብተር አወጡ። «ስም አላወጣም ያልኩሽ የሰው ችግር የሰው ስለሆነ ነው። ሰው ሌባ ከተባለበት ግን ሌላ ነገር ነው» አሉና ገለጡልኝ። የሌንሱ ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ የሻጩ ስም፣ ፊርማ። ከገጹ ጋር የተያያዘ የመታወቂያ ኮፒ።

ከኮፒው ላይ የሚያየኝ ጋሽ ኤልያስ ናቸው።

ቀኑን አየሁት። ሌንሱ «ተሰረቀ» ከተባለበት ቀን አራት ቀን ይቀድማል። ፊርማው በየቀኑ የማየው ፊርማ ነው። ወንበሩን ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ጭረቱን ላሳየው ብዬ ሁለት ጊዜ በመስኮቱ ብርሃን ያዝኩለት። አላየውም። ዓይኑን ያመዋል መሰለኝ።»

ከቀራንዮ እስከ ፎቶ ቤቱ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላስታውስም። ጋሽ ኤልያስ ብቻቸውን ነበሩ። በሩን ዘግቼ ቆምኩ።

«ደብተሩን አየሁት ጋሼ።»

ምን ደብተር አላሉም። የያዙትን ጨርቅ አስቀመጡና ቁጭ አሉ። «ቀኝ ዓይኔ ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው። ግራው ተከተለ። ሐኪም ቤት መመላለስ ነበረብኝ፤ ለዚያ ነው የሸጥኩት። ፎቶ አንሺ ዓይኑ ጠፋ ከተባለ ማን ይጠራዋል? ለሚስቴም አልነገርኩም። ሌንሱን የሰጠኝ ወንድሟ ነው። የት አለ ስትለኝ… ጠፋ አልኳት። ከዚያ ተሰረቀ ሆነ።»

ለዓመት ያህል ፎከሱ የሳተ ፎቶ ሲበዛብኝ «የካሜራው ችግር ነው» ሲሉኝ ማመኔ ትዝ አለኝ። አዘንኩላቸው። ግን ንዴቴ አልበረደም።

«ዘነቡስ? በር ላይ ስትጮህ እኮ እዚሁ ነበሩ!»

ቀና አሉ። ቀጥለው የተናገሩትን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«እኔ ዘነቡ ናት አላልኩም፣ ሊዱ። አንድም ቀን አላልኩም። አንቺ ነሽ ያልሽው። እኔ ዝም ነው ያልኩት።»

ልናደድ ፈለግኩ፤ የምናደድበት ቦታ አጣሁ። እሳቸው ዋሽተዋል፤ ለውሸታቸው ሰው ያቀረብኩላቸው ግን እኔ ነኝ። ስለ ካቢኔው ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ያለማንም ግፊት፣ ጎበዝ ለመባል።

«እኔ አሁን እሷ ጋ እሄዳለሁ» አልኳቸው። «እርስዎ ደግሞ ለባለቤትዎ ይንገሩ። ካልነገሩ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

የዘነቡን ቤት፣ አንድ ጊዜ ታማ ሳለ መድኃኒት አድርሼላት ስለነበር አውቀዋለሁ። ቤቷ ዝግ ነበር። ጎረቤቷን ስጠይቃት ወደ አንድ ጅምር ሕንፃ ጠቆመችኝ። «ቤቴል ልብስ የምታጥብላቸው ሰዎች ሁሉ አስወጧት። አሁን እዚያ አሸዋ ትነፋለች» አለችኝ።

አገኘኋት። ፊቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ አመድ መስሎ፣ ወንፊቱን ከሌላ ሴት ጋር ይዛ ትነፋለች። ስታየኝ እጇ ቆመ። ሰላም አላለችኝም።

«እትዬ ዘነቡ፣ አንዴ ላናግርሽ።»

«እዚሁ ተናገሪ።»

ሠራተኞቹ ፊት ተናገርኩ። ሌንሱ እንዳልተሰረቀ፣ ባለቤቱ ራሱ እንደሸጠው፣ ቁልፉን ያነሳሁት፣ ካቢኔውን ያነሳሁት እኔ እንደሆንኩ፣ አቧራ ልትጠርግ እንደከፈተችው እያወቅኩ እንደደበቅኩ። ልንበረከክ ስል «ተነሺ፣ ሲሚንቶ ነው» አለችኝ። ሻርፗን ከፊቷ አወረደች። እንባ እጠብቅ ነበር፤ ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ሌላው ሰው ያለው ይለፍ» አለች። «ልጄ ጠየቀችኝ። ሜሮን። ማታ አጠገቤ ተኝታ ‹እማ፣ እውነቱን ለእኔ ብቻ ንገሪኝ፤ ወስደሽዋል እንዴ?› አለችኝ። አልወሰድኩም አልኳት። ዝም አለች። ያ ዝምታ ሰባት ወር ሆነው።» ወንፊቱን አነሳች። «ለእኔ አትንገሪኝ፤ እኔ እንዳልወሰድኩ አውቃለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ትመጣለች። ለእሷ ንገሪያት።»

ሦስት ሰዓት ያህል በራቸው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ልሄድና ነገ ልመለስ ብዬ አስቤያለሁ፤ አልዋሻችሁም። አሥር ሰዓት ሲሆን ዘነቡ ከሥራ መጣች፤ ብዙም ሳትቆይ ልጇ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ደረሰች። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። እኔን ስታይ አወቀችኝ መሰለኝ፣ ፊቷ ጠቆረ።

«ስሚያት» አለቻት እናቷ።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «አቧራ ልትጠርግ እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ወደ እናቷ ዞረች። የዘነቡን የተሰነጣጠቁ እጆች ያዘቻቸው፤ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ጣለችና በዚያው ተንሰቀሰቀች። «እማዬ፣ እኔ… እኔ እኮ…» ከዚያ በላይ አልወጣላትም። ዘነቡ ፀጉሯን እየዳበሰች «በቃ፣ በቃ፣ አለፈ» ትላታለች። ያኔ ነው ዘነቡም ያለቀሰችው። ተቃቅፈው ገቡ። በሩ ተዘጋ። እኔ ውጭ ቀረሁ።

ጋሽ ኤልያስ ለባለቤታቸው የነገሯቸው በዚያው ሳምንት እሁድ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ዘነቡ ጋ ሄዱ። ይቅርታቸውን ተቀበለች፤ «ወደ ሥራሽ ተመለሺ» ሲሏት ግን እምቢ አለች። እኔ ደግሞ ቤቴል ልብስ ታጥብላቸው የነበሩትን ቤቶች አንድ በአንድ ዞርኩ። አንዷ ሴትዮ «እኔስ ድሮም አላመንኩም ነበር» አሉኝ። ታዲያ ለምን አስወጧት? አልጠየቅኳቸውም። ሁለቱ ቤቶች መልሰው ጠሯት።

የጓደኛዬን ቀለበት አቶ ተክሌ በፈለጉልኝ ሌላ ሠላሳ አምስት አነሳሁት። ያንን ሌንስ ግን መግዛት አልቻልኩም። ዛሬ የራሴ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ፤ «የቱን ሌንስ ልግዛ?» ብለው ለሚጠይቁኝ ጀማሪዎች ሁሉ አቶ ተክሌ የጠየቁኝን እጠይቃቸዋለሁ፤ ምን ልታነሱበት ነው? የትስ ልትቆሙ ነው?

እናንተ አንባቢዎቼ፣ መጠንቀቅ አቁሙ አልላችሁም። እኔም አሁን ድረስ ታክሲ ውስጥ ዚፔን እይዛለሁ። ግን ጥርጣሬያችሁን ከአፋችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ግማሹን ደብቃችሁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔ የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። ቁልፉ እሷ ጋ ነበር፤ ካቢኔውንም ከፍታለች። ሁለት እውነት ተናግሬ አንዲትን ሴት ከልጇ ለየሁ። እያነበባችሁ አንድ ስም ትዝ ካላችሁ፣ አንድ ቀን «እሱ ነው፣ እሷ ናት» ያላችሁት ሰው ካለ፣ ሂዱና እውነቱን ጠይቁት። ዘግይቷል ብላችሁ አትቅሩ።

ዘነቡን አሁንም ቀራንዮ ታክሲ ስጠብቅ አገኛታለሁ። እንሳሳማለን። ስለ ሜሮን ትነግረኛለች፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ታክሲው እስኪመጣ ጎን ለጎን ቆመን እናወራለን። ቤቷ ግን አንድም ቀን ግቢ ብላኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።